ጥቁር የመሰለኝ ቀይ

መካኒክ ነኝ። መተማ ዮሐንስ ውስጥ፣ ወደ ገንዳ ውኃ በሚወስደው አስፋልት ዳር ባለ አንድ ጋራዥ መሥራት ከጀመርኩ አሥራ አራት ዓመት አልፎኛል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ስንት መኪና እንዳየሁ አላውቅም፤ አብዛኛውንም ረስቼዋለሁ። አንድ የኅዳር ቀን ግን አለ፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ማታ መዳረሻ ማን ምን እንዳለ፣ ማን የት እንደቆመ ዛሬም ድረስ ከነድምፁ ይታወሰኛል። የምነግራችሁ ያንን ቀን ነው። ልኩራራበት ብዬ አይደለም፤ ነገሩ የጀመረው በእኔ ስህተት ነው።

ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የተወለድኩት አይከል አካባቢ ነው። ወደ ቆላው የወረድኩት እንደ ብዙ ሰው ሰሊጥ ለማጨድ ነበር። እርሻው ላይ ትራክተር ተበላሽቶ ሲፈታ ቆሜ ሳይ የጋራዡ ባለቤት ጋሽ ፈንታሁን «ከምትቆም ያንን ቁልፍ አቀብለኝ» አሉኝ። አቀበልኳቸው። በዚያው ቀረሁ። ሙያውን ከእሳቸው ተማርኩ፤ ከዓመታት በኋላ ሾፌሮች ሲመጡ «መኳንንት የለም?» ብለው የሚጠይቁ ሆኑ። «የእሱ ዓይን አይስትም» ይባልልኝ ነበር። እኔም አምኜ ነበር።

በዚያ ክረምት ደግሞ አንድ ነገር ገዛሁ፤ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ። ሲበራ ዓይን ይወጋል። «ነጭ ብርሃን» እንለው ነበር እንጂ ልብ ብሎ ላየው ወደ ሰማያዊ ያደላል። ከተማችን ውስጥ መብራት አንድ ቀን መጥቶ ሁለት ቀን ይጠፋልና ባትሪው እንደ ዓይኔ ብሌን ሆነ። ጋራዡ ደግሞ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው፣ ሦስት ጎኑ የተዘጋ ነው፤ ውጭ ፀሐይ እያቃጠለ ከመኪና ሥር ጨለማ ነው። ብርሃን ማለት ለእኔ ብዛት ብቻ ነበር። ከበዛ ይታያል፣ ካነሰ አይታይም። ሌላ ጣጣ ይኖረዋል ብዬ አስቤ አላውቅም።

የሰሊጡ አጨዳ ተጠናቆ የቀን ሠራተኞች ወደ አገራቸው የሚመለሱበት ሰሞን ነበር። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጎንደር ደጋ የመጡ ሰዎች መናኸሪያውን ሞልተውታል፤ አንዱ ፍራሽ ጠቅልሎ፣ አንዱ ጀሪካን አንጠልጥሎ፣ አንዱ ለሚስቱ የገዛውን ብርድ ልብስ ታቅፎ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገደማ አስማረ ቅጥቅጥ አውቶቡሱን ከነተሳፋሪው እየነዳ ጋራዣችን በር ላይ አቆመ። አስማረ በመተማና በጎንደር መካከል የሚመላለስ ሾፌር ነው፤ እኩያዬ ነው፤ እዚህ ሲያድር አብረን ነው የምንበላው።

«ከኋላ፣ በግራ በኩል ይንኳኳል» አለኝ ገና ከመውረዱ። «ጠዋት የጎማ ማሰሪያ ዳዶዎቹን አጥብቄያቸው ነበር፤ አልተወውም።»

«ሰዎቹን አውርዳቸውና አስገባው።»

ሠላሳ አራት ሰው ወረደ። ከአስፋልቱ ማዶ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ተቀመጡ። አንድ ሽበታም ሰውዬ ግን አልተቀመጡም። ይመር ይባላሉ፤ ከወሎ የመጣ ቡድን አለቃ መሆናቸውን በኋላ ነው የሰማሁት። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መጡና ከአጠገቤ ቆሙ።

መኪናው ከሥሩ ገብተን ለመሥራት በተቆፈረው ጉድጓድ ላይ ቆመ። ባትሪዬን ግንባሬ ላይ አስሬ ገባሁ። ብዙም አልፈለግሁ፤ የግራው ባሌስትራ፣ ያ ድርብርቡ የመኪና መሸከሚያ ብረት፣ የሚታሰርበት ላስቲክ ተበልቶ አልቋል። በእጄ ስነቀንቀው ኳ፣ ኳ አለ። «አገኘሁት!» ብዬ ጮህኩ። አውጥቼ አዲስ ከተትኩበት፤ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ሥራ ነው።

ከጉድጓዱ ከወጣሁ በኋላ፣ ለወጉ ያህል፣ ጎማው አጠገብ ተንበረከክሁ። የኋላው ጎማ ድርብ ነው። በውጨኛው ቸርኬ፣ ማለትም ጎማው በተገጠመበት ክብ ብረት፣ ቀዳዳዎች በኩል ወደ ውስጠኛው አበራሁ። ከዳዶዎቹ ሥር ተነስተው እንደ ጨረር የተበተኑ ጠቆር ያሉ መስመሮች አየሁ። ጭቃና ግራሶ ነው አልኩ በልቤ። በዚያ ሰሞን ጭቃና ግራሶ የሌለበት መኪና የለም። ከኪሴ ቁራጭ ነጭ ጨርቅ አወጣሁና ጣቴን አሾልኬ ጠረግሁት። ጨርቁን በባትሪዬ አየሁት፤ ጥቁር። ዳዶዎቹን በቁልፍ ሞከርኳቸው፤ ጠብቀዋል። ጨርቁን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ተነሳሁ።

ጋሽ ይመር ጠጋ አሉኝ። «ልጄ፣ ያደርሰናል?»

«ተማም ነው አባባ። ምንም አይልዎትም» አልኳቸው። ተማም የድንበሩ ሰው ሁሉ የሚናገራት ቃል ናት፤ ከሱዳን በኩል የመጣች፤ ደህና ነው፣ ተሟልቷል ማለት ነው።

አስማረም «እርግጠኛ ነህ?» አለኝ ቁልፉን እያዞረ።

«በእኔ ይሁንብህ። ሂድ።»

ሄዱ። ሦስት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው።

ከዚያ ሌላ መኪና ነካካሁ፤ ሻይ ጠጣሁ። አራት ሰዓት አልፎ እጄን ልታጠብ ከጋራዡ ጀርባ ወዳለው በርሜል ሄድኩ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጨርቁን ከትከሻዬ አውርጄ በርሜሉ ላይ ላስቀምጥ ስል ደነገጥኩ። ቀይ ነው።

መጀመሪያ ደም መሰለኝ። እጄን አገላብጬ አየሁት፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ፣ ክንዴን። የተቆረጠ ነገር የለም። ጨርቁን በጣቴ ሳሸው እንደ በርበሬ የላመ ዱቄት ተነሳ። ዝገት ነው። ግን ዝናብ የመታው የቆየ ብረት የሚያወጣው ቅርፊት ዓይነት አይደለም፤ የላመ፣ አዲስ፣ ገና ትናንትና ዛሬ የተፈጨ።

ወደ ጋራዡ ጥላ ተመለስኩና ባትሪዬን አበራሁበት። ጥቁር ሆነ። ወደ ፀሐዩ አወጣሁት፤ ቀይ። እንደገና አስገባሁት፤ ጥቁር። ሦስት ጊዜ ስመላለስ የሥራ ባልደረቦቼ ያበድኩ መስሏቸዋል። አራተኛ መመላለስ አላስፈለገኝም። በዚያ ባትሪ ብርሃን ውስጥ ቀይ የሚባል ነገር የለም። ባትሪው ሁሉን ነገር ያሳያል፤ ቀይን ግን ጥቁር አድርጎ ነው የሚያሳየው።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ከጎማ ዳዶ ሥር የላመ ቀይ ዱቄት ከወጣ ሁለት ብረቶች እየተፋጩ ነው ማለት ነው። ዳዶው ከላይ ጠብቆ ሊሆን ይችላል፤ ሥር ግን ወይ ዳዶው የሚጠብቅበት ቡሎን ተሰንጥቋል፣ ወይ ቸርኬው ራሱ። ሠላሳ አራት ሰው ጭኖ ቁልቁለት ላይ ያ ጎማ ቢወጣ ምን እንደሚሆን አልነግራችሁም።

አስማረ ጋ ደወልኩ። አይሠራም። ደግሜ ደወልኩ። አይሠራም። ከመተማ እስከ ገንዳ ውኃ መንገዱ ላይ ኔትወርክ ያለበት ቦታ የታወቀ ነው፤ እሱ ደግሞ እየነዳ ነው።

ጋሽ ፈንታሁን ከቢሯቸው ወጡ። «ምን ሆነሃል? ፊትህ ምን መሰለ?»

ጨርቁን ሰጠኋቸው። ወደ ፀሐዩ ሁለት እርምጃ ሄደው አዩት። «ከማን መኪና?»

«ከአስማረ። የግራ ኋላ ጎማ። ሂድ ብዬዋለሁ ጋሼ፤ በእኔ ይሁንብህ ብዬዋለሁ።»

አልተቆጡም። «ሞተሩን አስነሳ» አሉኝ ብቻ።

«ተሳስቼ ቢሆንስ? ቡሎኑ ምንም ባይሆንስ?»

«ያኔ ይስቁብሃል። ሂድ።»

የጋራዡን ሞተር ሳይክል አስነሳሁ። ፀሐዩን ለመከላከል ራሴንና ፊቴን በሻሽ ጠቅልያለሁ፤ ዓይኔ ብቻ ነው የሚታየው። ይህቺ ሻሽ ምን እንደምታመጣብኝ አላሰብኩም።

ኮኪት ላይ አንድ ሻይ ቤት በር ቆሜ ጠየቅሁ። «ካለፈ ቆየ» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ሁለቱንም ዳር እያየሁ ነው የነዳሁት። የታጨደውን ሰሊጥ ማሳ፣ ገና ያልተቆረጠውን ማሽላ፣ የቦዩን ውስጥ ሁሉ። መኪና ተገልብጦ እንዳላገኝ ነው የምፈልገው። ባላገኝም አልረጋጋም፤ ገና አልደረስኩም ማለት ነውና።

ገንዳ ውኃ መግቢያ ኬላው ላይ አስቆሙኝ። «መንጃ ፈቃድ» አለኝ ጠባቂው። ኪሴን ፈተሽኩ፤ ጋራዥ ረስቼዋለሁ። ያለኝ ጨርቁ ብቻ ነው። እሱን ዘረጋሁለት።

«ደም ነው?» አለ እጁን ሰብስቦ።

«አይደለም፤ ዝገት ነው። አስማረ የሚነዳው ቅጥቅጥ አልፏል? ጎማው ሊወጣ ነው!»

ጨርቁን አየ፤ ፊቴን አየ። «ሩብ ሰዓት አይሆነውም። ፈትሸን ለቀነዋል» አለና ገመዱን ዝቅ አደረገልኝ።

ከገንዳ ውኃ ወዲያ መንገዱ ወደ ነጋዴ ባሕር እያለ መውጣትና መጠማዘዝ ይጀምራል። ዳገት መኖሩ ደስ አለኝ፤ ዳገት ላይ ቀስ ይላል። ግን ከዳገቱ በኋላ ቁልቁለት አለ። አንድ ጠመዝማዛ እንደዞርኩ የአውቶቡሱን ጀርባ አየሁት፤ ጣሪያው ላይ የታሰረው ቢጫ ጀሪካን ይወዛወዛል። ከልቤ ጮህኩ። ነዳጅ ሰጥቼ ጎኑ ደረስኩና በአንድ እጄ «ቁም! ቁም!» እያልኩ አወናጨፍኩ።

አስማረ በመስታወቱ አየኝ። አየኝና ፈጠነ።

ወዲያው አልገባኝም። ደገምኩት፤ እሱም ይበልጥ ፈጠነ። ከዚያ ነው ራሴን በእሱ ዓይን ያየሁት። በዚያ መንገድ፣ በዚያ ሰሞን፣ ፊቱን የሸፈነ ሰው በሞተር ተከትሎ «ቁም» ሲል የሚቆም ሾፌር የለም። ሰው ታግቶ የተወሰደበት መንገድ ነው። ተሳፋሪው ደግሞ የዓመት ልፋቱን በኪሱ ይዟል። እኔ ላድናቸው መጥቼ፣ ያ ጎማ ላይ በኃይል እንዲነዳ እያደረግሁት ነው።

ነዳጁን ለቀቅሁ። በሕይወቴ ከባዱ ነገር ያ ነበር፤ ልደርስበት እየቻልኩ ወደ ኋላ መቅረት። አውቶቡሱ እየራቀ ሄደ። ሻሹን ከፊቴ ገፍፌ ወረወርኩት። አስማረም ማንም እንዳልተከተለው ሲያይ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ቀጣዩ ዳገት መጣ፤ መኪናው አቃሰተ። ያኔ ባዶ ራሴን፣ ቀስ ብዬ፣ በግራ በኩል በመስኮቶቹ ትይዩ ተጠጋሁ። አልጮህኩም። ፊቴን ብቻ ወደ ላይ ቀና አድርጌ ነዳሁ።

መስኮቱ ላይ ጋሽ ይመር ነበሩ። ዓይን ለዓይን ተያየን። አፋቸው ሲከፈት አየሁ፤ ያሉት በኋላ ነው የተነገረኝ። «አቁም! ያ መካኒኩ ነው! ጋራዥ የነበረው ልጅ ነው!»

አውቶቡሱ ዳገቱ ላይ ቆመ።

አስማረ ወርዶ ገና «ምን ሆነህ ነው አንተ? ልታስገድለን ነው?» ሲል እኔ ጎማው ሥር ተንበርክኬያለሁ። ፀሐዩ በጎን ገብቶ ቸርኬው ላይ አርፏል። ባትሪ አላስፈለገኝም። ጠዋት ጥቁር ያልኳቸው መስመሮች እንደ ሸክላ ቀልተዋል፤ ከእያንዳንዱ ዳዶ ሥር ወጥተው ተበትነዋል። ዓይኑ የሚያይ ሰው ሁሉ ያየዋል።

ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አደረግን። ሰው ሁሉ ወረደ። በክሪክ አንስተን ዳዶዎቹን መፍታት ጀመርኩ። ሦስተኛው ላይ ቁልፉን ገና ስጫነው ዳዶው ከነቡሎኑ ቁራጭ እጄ ላይ መጣ። አራተኛው ደህና ነበር። አምስተኛውም ተሰብሮ መጣ። የውጨኛውን ጎማ አውጥተን ውስጠኛውን ስናይ ቸርኬው ከአንዱ የቡሎን ቀዳዳ እስከ ሌላው፣ ከዚያም እስከ ሦስተኛው ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ውስጥ ጥፍር ይገባል። ጠዋት ሲንኳኳ የነበረው ላስቲኩ ብቻ አልነበረም።

አንዲት ሕፃን ያዘለች ሴት ከመንገዱ ዳር ተቀመጠችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

አስማረ የተሰበረውን ቡሎን መዳፉ ላይ አድርጎ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ በእጁ ደረቴን ገፋኝ። «በእኔ ይሁንብህ አላልከኝም? አላልከኝም ወይ?»

«ብዬሃለሁ።»

ሰዎቹ ከበቡን። መጀመሪያ ነገሩ የገባቸው እኔ መጥቼ እንዳዳንኳቸው ነበር፤ አንዳንዶቹ እጄን ሊስሙ ተጠጉ። አሁን ግራ ገባቸው። ጋሽ ይመር በመሃል ገቡ።

«ቆይ እስኪ» አሉ። «ልጄ፣ አንተ ያየኸው ሰው ነህ ወይስ ያላየኸው?»

ልዋሽ እችል ነበር። ወላሂ ብዬ ብምል፣ ስንጥቁ ከሄዳችሁ በኋላ ነው የወጣው ብል ማን ያውቃል? አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«ሁለቱም ነኝ አባባ» አልኳቸው። «ጠዋት እፊቴ ነበረ፤ ጥቁር መሰለኝ። ፀሐይ ላይ ሳወጣው ቀይ ሆነ። ጠዋት ፀሐይ ላይ አውጥቼው ቢሆን ኖሮ አትሄዱም ነበር።»

አስማረ ጥሎን ሄዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጋሽ ይመር ቸርኬውን ጎንበስ ብለው በጣታቸው ዳሰሱት። «አብሽር» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «አይዞህ፣ አብሽር። ባትመጣ ነበር የሚከፋው።» ይቅር ማለታቸው ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም።

ከገንዳ ውኃ ቸርኬና ቡሎን አስመጥተን እዚያው ዳገት ላይ፣ ፀሐይ ላይ፣ እኔው ገጠምኩት። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። አምስት ሰዎች «በዚህ መኪና አንሄድም» ብለው ቀሩ፤ ትክክል ናቸው። ሌሎቹ ተሳፈሩ። አስማረ ሲያስነሳ ወደ እኔ አላየም።

ጋራዥ የደረስኩት ሥራ ሊዘጋ ሲል ነው። መሣሪያዬን ሰብስቤ ልወጣ ነበር ሐሳቤ፤ እውነቴን ነው፣ ሙያውን ትቼ። ጋሽ ፈንታሁን ሁሉን ሰሙኝና «በል ያንን ባትሪ አምጣው» አሉ።

የሚሰብሩት መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን በነጋታው ጠዋት ጠረጴዛ አስወጡ። በነጭ ጨርቆች ላይ ዝገት፣ ግራሶ፣ የሞተር ዘይት፣ ቀዩን የማርሽ ዘይት፣ የፍሬን ዘይት፣ ዝም ብሎ ጭቃም ቀብተን ደረደርን። መጀመሪያ ፀሐይ ላይ አየናቸው፤ ስድስቱም ይለያያሉ። ከዚያ ወደ ጥላው አስገብተን በእኔ ባትሪ አየናቸው፤ ሦስቱ አንድ ዓይነት ሆኑ። በጋራዡ አሮጌ ቢጫ አምፖል ስናያቸው ዝገቱ እሳት መሰለ፤ ያ ቢጫ የሚመስለው የፍሬን ዘይት ግን ጨርቁ ላይ ጨርሶ ጠፋ።

«አየህ» አሉ ጋሽ ፈንታሁን፣ «ይኼም ይደብቃል፣ ያም ይደብቃል። እኔም በዚህ ቢጫ አምፖል ሠላሳ ዓመት ስንት የፍሬን ዘይት እንዳለፈኝ እግዜር ይወቀው።»

በዚያ ሳምንት ጨርቆቹን በፌስታል ይዤ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። ባለሱቆቹ ስንት ዋት እንደሆነና ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ነው የሚያውቁት። እኔ ጨርቆቹን ከመደርደሪያው ሥር አድርጌ መብራቱን አበራባቸዋለሁ። አንዱ ሳቀብኝ፤ አንዱ ዕቃ ልትሸጥልኝ ነው ወይ አለኝ። አራተኛው ሱቅ ውስጥ ከእኔ ባትሪ ደብዘዝ የሚል፣ ርካሽ መብራት አበራሁ፤ ስድስቱም ጨርቆች ፀሐይ ላይ እንደነበሩት ሆነው ተለያዩ። እሱን ገዛሁ። ቀለም በትክክል ለማየት የብርሃኑ መብዛት ብቻ አይበቃም፤ ቀለሞቹን ሁሉ በውስጡ መያዝ ነው ያለበት። ሌላም ተማርኩ፤ መብራትን ፊት ለፊት ከማብራት በጎን ጋደል አድርጎ ማብራት። ስንጥቅ ፊት ለፊት ሲበራበት ይጠፋል፤ በጎን ሲበራበት ጥላ ይጥላል።

ይህን የምጽፈው ለመካኒኮች ብቻ አይደለም። ሰሊጥ የምትለቅሙ፣ ልብስ የምትሰፉ፣ ደም በማጉያ መነጽር የምታዩ፣ የሕፃን ዓይን ቢጫ ሆኗል አልሆነም ብላችሁ የምትመረምሩ፣ በዓይናችሁ የምታድሩ ሁሉ፤ አንድ ቀን ሥራችሁን አውጥታችሁ ፀሐይ ላይ እዩት። ከዚያ መብራታችሁ ሥር መልሳችሁ እዩት። ከተለያየባችሁ የተሳሳተው ዓይናችሁ ላይሆን ይችላል። እኔ «አይስትም» የተባለ ዓይን ነበረኝ፤ ዓይኔ ያን ቀን አልሳተም፤ የቀረበለትን ነው ያየው። ጥፋቴ በምን ብርሃን እንዳየሁ አለመጠየቄ ነው። ከዚያ ወዲህ «በእኔ ይሁንብህ» የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። ያየሁትን፣ ያላየሁትን፣ ለማየት ያልተመቸኝን ለይቼ ነው የምናገረው። አንዳንድ ሾፌር ይህን ሲሰማ ሌላ ጋራዥ ይሄዳል። ይሂድ።

አስማረ አምስት ወር ሙሉ ወደ እኛ አልመጣም። በአስፋልቱ ሲያልፍ አየዋለሁ፤ እጄን አነሳለሁ፤ እሱ አያነሳም። ሚያዝያ ላይ አንድ ጠዋት ያው ቅጥቅጥ ከመንገዱ ታጥፎ መጣ። ባዶውን ነው። ወደ ጣሪያው ሥር፣ ወደ ጉድጓዱ አላስገባውም። ግቢው መሃል፣ ፀሐዩ በደንብ የሚያርፍበት ቦታ ላይ አቆመው፤ ሞተሩን አጠፋና ወረደ።

«የቀኝ ፊት ጎማ» አለኝ፤ የመኪናውን ቁልፍም ሰጠኝ።